አርብ ቀን እንቁላል የምትበላው ሴት

ጤና ጣቢያው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ያለውን ጫፍ ትመርጣለች። ገበያ የሚወርደው ሰው ሁሉ በፊቷ ያልፋል። ክንዷ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ፤ በነጠላዋ ልትሸፍነው አትሞክርም። ጫማዋን አውልቃ እግሮቿን ተራ በተራ መሬቱ ላይ ጫን ታደርጋለች። ደንዝዘው የከረሙ እግሮች ናቸው፤ አሁን የአፈሩን ቅዝቃዜ መለየት ጀምረዋል።

አምና ብቻዋን ማውራት ስትጀምርና «ጎረቤቴ መርዝ ልታበላኝ ነው» ስትል ቤተሰቦቿ አስረው ጸበል ወሰዷት። እሷም ኃጢአቴ ነው ብላ የፈቃድ ጾሞችን ሁሉ ጨመረች። ባሰባት። በኋላ ደሟ ደብረ ታቦር ተልኮ ሲመረመር፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚገኝ ቫይታሚን ከሰውነቷ ተሟጥጦ ተገኘ፤ አእምሮዋን ያወከውም እግሯን ያደነዘዘውም የእሱ እጥረት ነበር። ይህን ሁሉ እዚሁ ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ የነገረችኝ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምታወራ ሆና ነው።

ዛሬም የቫይታሚን መርፌዋን ተወግታ ወጣችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከነጠላዋ ጫፍ የተቀቀለ እንቁላል ፈታ አወጣች። የሚያልፉት ሴቶች ዞር እያሉ አዩዋት። አንዲት አሮጊት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው።»

«የንስሐ አባቴ ፈቅደውልኛል፣ እማማ።»

«እሱስ ይሁን። ጓዳ ገብተሽ ብትበዪው ብዬ ነው፤ ሰው እንዳያይሽ።»

ቅርፊቱን ሳትቸኩል ልጣ ጨረሰች።

«ታስሬ ስሄድ በዚሁ መንገድ አይተውኛል» አለች። «ስበላም ይዩኝ።»