አገዳ የሸፈነው ጉድጓድ

ነፋስ ተነሥቶ የደረቀ አፈር ሽታ ሲሸተኝ፣ ዛሬም ቀድሞ የሚመጣብኝ በቀወት ገጠር የነበረው ግቢያችንና በመካከሉ የተከመረው የማሽላ አገዳ ነው።

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነበር። በልጉ ቀርቶ፣ ክረምቱም እንደ ነገሩ አካፍቶ አልፎ፣ በጋው ሲገባ እናቴ ማሽላውን በእፍኝ እየቆጠበች ታበስል ነበር። አባቴ ግን ለዘር ያስቀመጠውን አላስነካም፤ እንደ አገራችን ልማድ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ገጥሞ በጭቃና በእበት መርጎ፣ ማንም እንዳያውቀው አገዳ ከመረበት። እኔ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩና፣ ትንፍሽ እንዳልል ጆሮዬን ይዞ አስጠንቅቆኛል።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተው ስለቀሩ፣ ከሕፃን ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው እናቴን እፍኝ ማሽላ ለመኗት፤ እናቴም መሬት መሬት እያየች የለም አለቻቸው። ከግቢያችን ሳይወጡ ከበረሃው በኩል አቧራ ተነሥቶ ቀኑን አጨለመው። እናቴ ጎትታ አስገባቻቸውና፣ አሸዋ በጥርሳችን መካከል እየተንቀጫቀጨ ጥግ ይዘን ተቀመጥን። ሕፃኑ ሲያስል፣ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፉን ትጠርግለት ነበር።

ነፋሱ አልፎ ስንወጣ ክምሩ የለም። አገዳው አጥሩ ሥር ተበትኖ፣ የጉድጓዱ ምርጊት ፊት ለፊታችን ተገልጧል። የእኛ አገር ሰው ደግሞ የጉድጓድ አፍ አይስትም። እናቴ ደርቃ ቀረች። እትዬ አስካለ ጥቂት ቆመው አዩትና፣ ልጃቸውን በጀርባቸው አጥብቀው አገዳውን እየሰበሰቡ ይመልሱበት ጀመር።

«ሸፍኚው እንጂ፣ ሰው ሳያየው» አሏት። «ዘር ነው። እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።»

አባቴ ማታ ሲመጣ እናቴ ነገረችው። እሱም ጠዋት ምርጊቱን ሰብሮ በቁና ማሽላ ሞልቶ ወደ እትዬ አስካለ ላከኝ። ቤታቸው ተዘግቶ አገኘሁት፤ ልጃቸውን አዝለው በሌሊት ወደ ሸዋ ሮቢት መንገድ ወጥተዋል ብለው ጎረቤቶች ነገሩኝ። ቁናውን እንደያዝኩ ስመለስ እናቴ ተቀብላኝ አለቀሰች።

ክረምቱ ጣለ፤ ያንን ዘር ዘራነው፤ ማሽላችን እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። እኛ እሸቱን እየጠበስን ስንበላ እናቴ ግን አልቀመሰችም።

ዛሬ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። እህሌ በጆንያ ጓዳ ቆሟል፣ ከማንም የምደብቀው የለኝም። ነፋስ ሲነሣ ግን በሬን ከመዝጋቴ በፊት ወደ መንገዱ አያለሁ። እኔ የዚያን ዘር ፍሬ በልቼ አደግሁ፤ የእሳቸው ልጅ ማደጉን ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።