የዓም ኢድሪስ ጉድጓድ

ሰሞኑን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ዝናቡ በርትቷል። ትናንት የሰፈራችን ወጣቶች መንገዱ ላይ በተኛው ውኃ ውስጥ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ሲያፈሱ አየሁ። ቢንቢ እንዳይራባ ነው። የቢንቢው ነገር ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ከጎንደር ተሰደን መጥተን ከከተማው ዳር በሣር ጎጆ እንኖር ነበር፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ እታገኝና እኔ። እታገኝ እርጉዝ ነበረች፤ ባሏ ለእርሻ ሥራ ፋው ወደሚባል አገር ወርዷል። ከጓሯችን በስተጀርባ በዐረብኛ አጎት ለማለት ዓም ኢድሪስ የምንላቸው ጡብ ሠሪ ጎረቤታችን ጭቃ የሚያወጡበት ሰፊ ጉድጓድ ነበር። ክረምት ሲገባ ጢም ብሎ ይሞላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢንቢው ይነሣል። እናቴ ኩበት ስለምታጨስ የባሚያው ወጥ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይል ነበር።

አንድ ቀን ሄዳ ለመነቻቸው።

«ልጄ ነፍሰ ጡር ናት። ይህን ውኃ ይድፈኑልኝ።»

ዓም ኢድሪስ ዐረብኛና አማርኛ እየቀላቀሉ፣ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ከደፈንሁት ልጆቼ ምን ይበላሉ? ዝናቡ ያባራና እደፍነዋለሁ» አሏት።

ዝናቡ ሳያባራ እታገኝን ወባ ጣላት። ያለንን ልብስ ሁሉ ደራርበንላትም መንቀጥቀጧ አልቆመም። በአህያ ጋሪ፣ ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን እየያዘብን፣ ሆስፒታል አደረስናት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ።

ዓም ኢድሪስ ሊያጽናኑን ሲመጡ እናቴ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ወጡና ብቻቸውን ጉድጓዱን በአካፋ ሲደፍኑ ሰነበቱ። ብዙም ሳይቆዩ ቤተሰባቸውን ይዘው፣ የሸክም ሥራ ፍለጋ፣ ወደ ድንበሩ ከተማ ገላባት ሄዱ።

ቢንቢው ግን አልቀነሰም። ከማድቤቱ ጀርባ እናቴ የዝናብ ውኃ የምታጠራቅምበት ክዳን የሌለው በርሜል ነበረን። አንድ ጠዋት ስትቀዳ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች።

«ነይ እስቲ እዪ» አለችኝ።

ቀጫጭን ትሎች ውኃው ውስጥ ይፍለከለካሉ።

«የቢንቢ ልጆች ናቸው» አለች ቀስ ብላ። በርሜሉን ገፍታ ደፋችውና እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ከገላባት የመጣውን ሁሉ ስለ ዓም ኢድሪስ ትጠይቅ ነበር። አየኋቸው የሚል አልተገኘም። ሳታገኛቸው ዐረፈች።

ያቺ ቢንቢ ከጉድጓዱ ትምጣ ከበርሜላችን፣ ዛሬም የሚያውቅ የለም። እታገኝን አንድ ጊዜ ጠይቄያት፣ «ለእኔ ምን ይለውጣል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእኒያ ሰውዬ ግን ይለውጥ ነበር፤ የእኛን ሐዘን ብቻቸውን ተሸክመው ነው ከሰፈሩ የወጡት።