የእስክሪብቶዬ ሞላ

ዛሬ ባጃጅ ጠጋኙ የዘይት ጣሳውን ሲከፍት ሽታው ይዞኝ አያቴ ግቢ ገባ።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው። የአያቴ አሮጌ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ ያለው የክር ማጠንጠኛ ሞላው ተሰበረ። ሐይቅ ከተማን አዳረስን፣ ከእናቴ ጋር ደሴ ድረስ ሄድኩ፤ የለም። አያቴ ሳቀና፣ «የዚህ ዕቃ ዘመዶቹ ሁሉ አልቀዋል። ሞላ ያገኘልኝ መንጠቆውን መጀመሪያ ይወረውራል» አለን። መወርወሩን ከዒድ ልብሴ አብልጬ ተመኘሁት።

በማግስቱ ታናሽ እህቴ ሐያት ከእስክሪብቶ ውስጥ ሞላ አውጥታ መጣች። ልክክ አለ!

«እስክሪብቶው እኮ የኔ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

«እሱስ ያንቺ ነው፤ ዓይኑ ግን የሷ» አለኝ አያቴ፣ ማጠንጠኛውን ዘይት እያጠጣ።

ሐይቁ ዳር ሐያት ወረወረች። «ያ ረቢ፣ ባዶውን ይመለስ» አልኩ በልቤ። ወፍራም የቆሮሶ ዓሣ አወጣች! «እታለም፣ ነይ ያዥልኝ!» ትለኛለች ደግሞ እየሳቀች። አልያዝኩላትም።

አሁን ቤት ገብቼ ያንን ቀን አነሳሁባት። «የቱን ዓሣ?» አለችኝ። ይኼን ሁሉ ዓመት እኔን ያንገበገበኝን እሷ ረስታዋለች። መርሳቷ ደግሞ የባሰ አስቀናኝ።