የእማዬ ጊደርና የአባዬ ወርቅ

የአባዬን አጉሊ መነጽር የቆዳ ማህደር በከፈትኩ ቁጥር የካምፎርና የጠመኔ ሽታ ይመጣብኛል። የአባዬ ሽታ ነው።

አባዬ ሆሳዕና አስተማሪ ነበር፤ የድሮ ሳንቲም ይሰበስባል። ለአንዲት የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም ብሎ ሙዱላ ገበያ ላይ የእማዬን ጊደር ለነጋዴ ሰጥቶ መጣ። እማዬ በሀዲይኛ ሰድባው ሰድባው ሦስት ቀን ዘጋችው። እሱ ምን ገዶት! እኔን መስኮቱ ሥር አስቀምጦ መነጽሩን ይሰጠኛል።

«ሳንቲሟ ላይ ከተቀረጸው ፈረስ ኮቴ በታች እዪ። ፊደል አለች? ለንደን የተመታ ሳንቲም ፊደል የለውም። ይቺ ቅኝ ግዛታቸው ሕንድ ውስጥ የተመታች ናት፤ እዚያ የመቱት ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ ነው።»

እህቴ ሀደሮ ከተማ ልትዳር ሆነ። አማቾቿ ሀብታም ነጋዴዎች ናቸው፤ እኛ ቤት ከዚያች ሳንቲም ሌላ ወርቅ የለም። እማዬ «ልጄ ጆሮዋ ባዶ ሆኖ ከቤቴ አትወጣም! ጊደሯ የኔ ነበረች» አለች። ሳንቲሟ ያለችበት ሣጥን ቁልፍ የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ። ያኔ አስረኛ ክፍል ነበርኩ። የማደርገውን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ጠንቅቄ አውቅ ነበር።

ጃጁራ ያለው ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ሳንቲሟን ወደ ብርሃኑ አዞራት። «ልጄ፣ እሳት ከገባች መመለስ የለም። አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል» አልኩት።

ወናፉ ተነፋ። ፈረሱ ቀለጠ፣ ፊደሏም ቀለጠች።

የሠርጉ ዕለት አባዬ እህቴ ጆሮ ላይ አዲሱን የወርቅ ጉትቻ አየ። ገብቶታል። ሳማትና «አምሮብሻል» አላት። እኔን ግን ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ሥር መጥራት ተወ።

ዓመት ሳይሞላት እህቴ በወሊድ ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈ። አማቾቿ ጉትቻውን በመሐረብ ቋጥረው መለሱልን፤ እማዬ መንካት አቃታት። በአርባዋ ማግስት አባዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጉትቻውን በመነጽሩ ሲያገላብጥ አገኘሁት።

«ነይ እስቲ። ዓይኔ ደክሟል። ምን ይታይሻል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፈረስ የለም፣ ፊደል የለም። መንጠቆው ላይ አንድ ዘለላ ፀጉር ተጠምጥሟል።

«ፀጉሯ አለ፣ አባዬ።»

«እንዳትነኪው» አለኝ።

ጉትቻው ዛሬም ከመነጽሩ ጋር ማህደሩ ውስጥ ነው። አልነካሁትም።