«ለውጥ የለም» የተባለው ሳንባ

ሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ድሬዳዋ

ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ስለሆነ በባጃጅ ሄድኩ። ሾፌሩ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም። «ጅቡቲ ለንግድ ነው?» አለኝ። «ለጥል» አልኩት። ሳቀ፤ እኔ ግን ከልቤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ሰሚራ ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር፣ ፈረንሳዮች ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። ሦስት ወር ሙሉ ስትስል በስልክ እሰማታለሁ። ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ተነሣች። ኮምፒውተሩ «የቆየ ጠባሳ ነው፣ ለውጥ የለም» አለ ተብሎ ሽሮፕ ተሰጥቷት ተመለሰች። የምን የቆየ ጠባሳ? ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሳንባዋን አንድም ቀን ታማ አታውቅም! ራጁ በነጻ የሆነውም ሥዕሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማስተማር ለሌሎች ሆስፒታሎች ስለሚጋራ ነው ስትለኝ ደሜ ፈላ። እኔ ነጻ ነገር አላምንም። ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የአንዱ ፋይል ከሌላው ሲቀላቀል የሚመጣውን ጣጣ አሳምሬ አውቃለሁ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ተሳፈርኩ።

ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ናጋድ ጣቢያ

ድንበሯን ደወሌን ካለፍን በኋላ መስኮቱ ላይ ጥቁር ድንጋይና ግራር ብቻ ነው። ናጋድ ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ለፊት ገፋኝ። ፖሊሱ ፎቶ አነሣኝ፤ «ለማን ነው የምትሰጡት?» አልኩት። አማርኛ አይችል ኖሮ ፓስፖርቴን መልሶ በእጁ እለፊ አለኝ።

ባለታክሲው ግን አማርኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። «ካርቲየ 4 ሰፈር ድረስ ሁለት ሺህ ፍራንክ ነው፣ እናቴ።»

«አቦ፣ የድሬ ልጅ ነኝ!»

«እንግዲያው ሺህ አምስት መቶ። ግን ለወንድሜ እንዳትነግሪው፣ እሱም ባለታክሲ ነው።»

ወንድም እንዳለው ተጠራጠርኩ፤ ከፈልኩ።

ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ካርቲየ 4

ያረፍኩት ፈቲያ ዘንድ ነው። ድሬ ሳለን ጎረቤታችን ነበረች። እዚህ ከባሏ ጋር የልብስ ሱቅ አላት፣ የመኖሪያ ወረቀቷም የተሟላ ነው። ሰሚራን አስፈቅዳ አስመጥታልኝ ጠበቀችኝ። ልጅቷ አንገቷ ቀጥኖ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ሳያት ጎትቼ አቀፍኳት። ፈቲያ በየመኖች አሠራር የተጠበሰ ዓሣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ብታቀርብም፣ ሰሚራ ሁለት ጉርሻ በልታ ተወችው።

«የፈረምሽው ወረቀት ምን ይላል?» አልኳት።

«እኔ እንጃ፣ በፈረንሳይኛ ነው። ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ።»

«በቃ ሸጠውሻል!»

ፈቲያ ሳህኑን አንሥታ «ክሊኒክ ሄደሽ ነገር አትቆስቁሺ» አለችኝ። ከሰዓታት በኋላም ያንኑ ደገመችልኝ። ወረቀት የያዘ ሰው ባለሥልጣን ይፈራል ብዬ አለፍኩት።

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፤ ክሊኒኩ

ሰሚራ ካርዷን ራሷ በመስኮት አቀበለች። ሥዕሎቹን የሚያደራጀው ሙስጠፋ የሚባል ጅቡቲያዊ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ስለነበር ከእኔ የበለጠ የተጣራ አማርኛ ያወራል። ድሮ ወደብ ላይ ሲሠራ እንዲህ ያለውን ማሽን የክሬን ሞተር ድምፅ እያሰማ፣ ብልሽቱን አስቀድሞ እንዲናገር አስተምሮት ነበር። አሁን ሳንባ ያስተምረዋል።

«የልጅቷን ስም ለማን ሰጠህ?» አልኩት ሳልቀመጥ።

«ስም አይወጣም፣ እትዬ። ይዩት፣ ቁጥር ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ስክሪኑ ላይ ስም የለም። ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ከፈተልኝ፤ አንዱ የዛሬ ሁለት ዓመት የተነሣ፣ ሌላው የባለፈው ወር። በሁለቱም ላይ ከቀኝ ሳንባ ጫፍ ነጭ ነገር አለ። «ቦታው አንድ ነው። ማሽኑ ጠባሳ ያለው ለዚህ ነው» አለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ፋይል ማመሳከር ግን እንጀራዬ ነው። በአሮጌው ሥዕል ላይ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ የገጠመበት እብጠት ይታያል። በአዲሱ ላይ ቀጥ ያለ ነው።

«ይሄ አጥንት የት ሄደ?»

ሙስጠፋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሁለቱንም ሥዕል አጎላ።

«ያዝኩህ! የሌላ ሰው ሥዕል ከእህቴ ጋር ቀላቅለሃል! ይሄን ነው ለዓለም የምታጋሩት? ወላሂ እከሳችኋለሁ!» ክሊኒኩን በአንድ እግሩ አቆምኩት። ሰሚራ ቀሚሴን እየጎተተች ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

«እቴቴ፣ በአላህ ዝም በይ። ካርዱ የፈቲያ ነው።»

«ምን?»

«የመኖሪያ ወረቀት ለሌለው ካርድ አያወጡም። ፈቲያ አዝናልን ሰጠችን። አራት ሆነን ነው የምንታከምበት። የድሮው ራጅ ከአራቱ የአንዷ፣ የጀሚላ ነው፤ ሳንባዋን ታማ ድና ነበር። አጥንቷንም ከዚያ በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ ነው የሰበረችው።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ካርድ ይዞ የመጣ በሽተኛ ስቆጣ ኖሬ፣ በገዛ እህቴ ጉድ ሆንኩ! ሰሚራ እጄን አልለቀቀችም። «እንዳትነግሪው። ይዘጉታል። ጀሚላ የስኳር መርፌዋን የምትወስደው በዚሁ ካርድ ነው።»

ብናገር ጀሚላ መድኃኒት ታጣለች። ዝም ብል እህቴ በሰው ጠባሳ ትሞታለች። ብዙ አላሰብኩም፤ ላስብ ብልም አልችልም ነበር። ተመልሼ ገብቼ ነገርኩት።

ሙስጠፋ ራሱን ያዘ። «ሥዕሎቹ እኮ ሌሎች ሆስፒታሎች ደርሰዋል። እዚያም ማሽኑ እንዲህ ያለ ሳንባ ሲያይ ለውጥ የለም እንዲል እያስተማርነው ነው!» ቀጥሎም «ሞተር የሌላ ሞተር ካርድ ይዞ አይመጣም ነበር» አለ።

«ሞተር የመኖሪያ ወረቀት አምጣ አይባልማ» አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። ለሰሚራ በፓስፖርቷ ካርድ እንዲወጣላት አለቃውን ለምኖ አስፈቀደ፣ አክታዋንም ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። የፈቲያ ካርድ ግን በዚያው ቀን ተዘጋ።

«ጀሚላስ?»

«ትምጣ። በራሷ ስም ትምጣ፣ አለቃዬን አሁንም እለምናለሁ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ ክሊኒኩ

«ሰሚራ!» ብለው ከመስኮቱ ተጣሩ። እህቴ አልተነሣችም። ሁለተኛ ሲጠሩ በክርኔ ነካኋት። እዚህ ቤት «ፈቲያ» ሲባል ብቻ ነበር የምትነሣው።

ሳንባ ነቀርሳ ነው። ስድስት ወር መድኃኒት ትወስዳለች፣ ትድናለችም ብለውናል። አልቅሼ ወረቀቱን አረጠብኩት። ፈረንሳዮቹ ደሞዟን ሳይቆርጡ እረፍት ሰጧት፤ እሱንም ተጠራጥሬ ሁለቴ አስደወልኳት። ፈቲያ ከቤቷ አላስወጣችንም፣ እኔን ግን አታናግረኝም።

ዓርብ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር

ጀሚላ የምትኖረው ቆርቆሮ በር ካለው አንድ ክፍል ነው። ሰሚራ እንደነገረችኝ መርፌዋ ነገ ያልቃል። ትናንት መጥቼ አንኳኳሁ፣ አልከፈተችም። ዛሬም ያው ነው። ባለሱቁ ከጎን ሆኖ ያየኛል፤ ጎረቤቶቿ መጋረጃ ገለጥ አድርገው ይመልሳሉ።

«ጀሚላ፣ የሰሚራ እህት ነኝ። ክሊኒክ አብረን እንሂድ።»

«ማን ላከሽ?» አለች ከበሩ ጀርባ።

«ማንም አልላከኝም።»

«ካርዱን ያስዘጋሽው አንቺ ነሽ አይደል? አሁን ደግሞ እኔን ልታስይዢ ነው? ስሜን ለማን ልትሰጪ ነው?»

ሰኞ እኔ ሙስጠፋን ልጠይቀው ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርኳት፤ አዎ፣ ያስዘጋሁት እኔ ነኝ። በሩ አልተከፈተም።

ልመለስበት የነበረው የድሬ ባቡር ከናጋድ ሄዷል። እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ እስክትከፍትልኝ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ።