ያልተለካው ነፋስ

እንደሻው ሳህሉ ሐረር ተወልዶ ያደገ፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር፣ በቁም ነገሩ የሚታወቅ ሰው ነበር። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የአየር ጠባይ ተመልካች ሆኖ ሲቀጠር ሥራው ቀላል መሰለው። በየጠዋቱ በከተማዋ ግንብ ካለው ከኤረር በር ወጥቶ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ወንዙ ዳር ከተቀመጠው የብረት ገንዳ ውሃው በአንድ ቀን ስንት እንደጎደለ ይለካል፤ ሙቀቱንና ነፋሱን መዝግቦ ይመለሳል። ፀሐይ ከዚያ አገር ምን ያህል ውሃ እንደምትወስድ የሚታወቀው በዚህ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ቀን አላጓደለም። በሁለተኛው በጋ ግን ደረቁ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ዓይን አላስገልጥ ሲል ሰነፈ። «ፀሐይዋ ያችው የትናንቷ ናት፤ ምን ይለወጣል?» አለና ፈረስ መጋላ አደባባይ ሻይ ቤት ተቀምጦ የትናንቱን ቁጥር ገለበጠ። የጠየቀው የለም። ከዚያ ወዲያ ነፋስ በበረታ ቁጥር እንዲሁ ያደርግ ጀመር።

ክረምቱ ሳይገባ ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ላይ ለገበሬዎች ኩሬ ተቆፈረ። ልኩን ያወጣው መሐንዲስ የእንደሻውን መዝገብ አይቶ፣ «ውሃው እስከ መጋቢት ይዘልቃል» አላቸው። ሙሜ የሚባሉ ሽማግሌ ይህን አምነው ከባለቤታቸው ከዘይነባ ጋር ያላቸውን መሬት ሁሉ ሽንኩርት ተከሉበት።

ኩሬው በጥር አጋማሽ ደረቀ።

እንደሻው ከመሐንዲሱ ጋር ሄደ። ሽንኩርቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል፤ የኩሬው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። መሐንዲሱ ግራ ገባው።

«ፀሐዩማ የዘወትሩ ነው። ግን ደረቅ ነፋስ ከውሃው ላይ እርጥቡን አየር እየጠረገ ሲወስደው፣ በዚያው ፀሐይ እጥፍ ውሃ ይተናል። አምና እንዲህ ያለ ነፋስ መዝገቡ ላይ የለም። ዘንድሮ የመጣ መሆን አለበት።»

እንደሻው ዓይኑን ወደ ጭቃው መለሰ።

«የአላህ ቀደር ነው፤ እሱ የጻፈው ምን ይደረጋል» አሉ አብረዋቸው የቆሙት ሙሜ። «ይህ ልጅ እንኳ በየጠዋቱ ለእኛ ሲለፋ ነበር። ዘይነባ፣ ከተረፈው ሽንኩርት ቋጥሪለት።»

የሰጡትን እምቢ ማለት አልቻለም። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ጽጌሬዳ ሽንኩርቱን ልትከትፍ ስታነሣ፣ «ተይው!» ብሎ ጮኸባት። ምክንያቱን ሊነግራት አልደፈረም። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣ፤ በስምንተኛው ቀን ተመልሶ ሄደ።

«ኦቦ ሙሜ፣ ነገሩ ቀደር አይደለም። እኔ ነኝ። አምና ነፋስ ሲነፍስ አልወረድኩም። ቁጥሩን ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ሽማግሌው ጠየቁት፤ «ስንት ቀን?»

«አላውቅም። ብዙ ነው።»

«አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ! እኔ እኮ ጥፋቱን በጌታዬ ላይ አላከክኩት» አሉና ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። አልረገሙት፣ ይቅር አላሉት።

ዘይነባ በሩ ላይ ቀርተው፣ «ለመሐንዲሱስ ነገርከው?» አሉት።

አልነገረውም ነበር።

በማግስቱ መዝገቡን መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የቀዳሚው ቀን ቁጥር እየተደገመ የዋሸባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ በቀይ ሰረዘ። ያዩት ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ተመለከቱት። ከሥራው ተባረረ፤ ኩሬውም በዓመቱ እንደገና ጠልቆ ተቆፈረ። ሙሜ ገበያ ሲመጡ እንደ ወትሯቸው በስሙ ጠርተው ደኅንነቱን ይጠይቁታል። እንደሻው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ቀና ብሎ ግን አንድም ቀን አላያቸውም።