ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ

ዳኛቸው ሐበሻ የማይደርስበት ቦታ ያገኘ መስሎት ነበር። ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ሻይ ከጠጣህ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጎረቤት ከተማዋ ኦሮራ ትሰማለች፤ ሒሳብ ሳይመጣ ሽማግሌ ልከሃል፤ ከፓርኪንግ ሳትወጣ ተፋተሃል። ስለዚህ ከዴንቨር ወደ ሰሜን ርቆ፣ ኮርማና ኮርማ ጋላቢ ካውቦይ ብቻ የሚገኝበት የሮዲዮ ሜዳ መረጠ።

ሥራው ኤርፖርት አካባቢ ሻትል መንዳት ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያመላልሰው ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ የሚጠብቀው ሰው አለው። እሱን ግን ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤት ሲገባ የሚያናግረው ማይክሮዌቩ ብቻ ነው፤ እሱም ሾርባው ሲሞቅ "ጢጥ" ብሎ ዝም ይላል።

ሌክውድ ውስጥ አረጋውያን የምትንከባከበው ዓለምነሽ አንድ ቀን ሻትሉ ላይ ተሳፈረች። ከዚያ ወዲህ በስልክ ነበሩ። "እስኪ በአካል እንገናኝ" ሲላት፣ "ሰው ፊት የማታፍርብኝ ከሆነ" አለችው። የፈታችው ባሏ ለአንድ ዘመዱ እንኳ ሳያሳያት ነበር የኖረው። "ደብቆ የሚያኖረኝ አንድ ይበቃኛል፤ ሁለተኛውን አልችልም።"

"ምን በወጣሽ!" አላት ዳኛቸው። ከዚያ ሮዲዮ ቀጠራት፤ ለጥንቃቄ በየመኪናቸው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። የአሉሚኒየሙ አግዳሚ እንደ ምጣድ ግሏል። ዳኛቸው ከፀሐይ ይልቅ ከሐበሻ የሚከልል ሰፊ ባርኔጣ ደፍቷል። ኮርማው ጋላቢውን ባሽቀነጠረው ቁጥር ዓለምነሽ ብድግ ትላለች፦ "እኔን! እኔን ይድፋኝ የኔ ልጅ!" ፊት የተቀመጡት ፈረንጆች ዞረው ይስቃሉ። ዳኛቸውም ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ቦርሳዋን እሱ ዘንድ ትታ ሎሚናት ልትገዛ ሄደች። በመሃል የልጆች ተራ ደረሰ፦ ሄልሜት የደፉ ሕፃናት በግ ይጋልባሉ። አንዷ እንደ መዥገር ተጣብቃ ጥቂት ሄደችና አሸዋው ላይ ተዘረረች። ወዲያው አንዲት ሴት ከጀርባው እልልታዋን አቀለጠችው።

ዞሮ ሲያይ ከበቡሽ ናት፤ አብራው የምታስቀድስ፣ የሰማችው ወሬ ሳይወልድ የማያድር።

"በስመአብ! ጋሽ ዳኜ! አንተን ደግሞ ከኮርማ ጋር ምን አገናኘህ?"

"አየር ልቀበል ብዬ ነው። አንቺስ?"

"ልጄ ሔቨን ናታ! በግ ካልጋለብኩ ብላ ቤት አመሰችው። እኛ አርደን የምንበላውን እሷ ኮርቻ ልትጭንበት!"

ሔቨን አሸዋዋን እያራገፈች መጣች። "አንክል ዳኜ! ዲድ ዩ ሲ ሚ?"

የከበቡሽ ዓይን ግን ቦርሳው ላይ አርፏል። "ከማን ጋር መጣህ?"

"ከማንም። ብቻዬን ነኝ።"

"ቦርሳውስ?"

"እኔ እንጃ። የሰው ነው።"

ከአፉ አመለጠው። የሴት ስም በወሬ እንዳይነሳ መሸፈን ወንድነት ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ቀና ሲል ዓለምነሽ ሁለት ሎሚናት ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"ኤክስኪዩዝ ሚ" አለችው፣ እንደማታውቀው ሁሉ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወርዳ ጥግ ተቀመጠች።

"ሐበሻ አትመስልም?" አለች ከበቡሽ። ከዚያ አዘነችለት። "በል ብቻህንማ አትቀመጥም፤ ና እኛ ጋ!" ባሏና ልጇ መሃል አስገብታ ቆሎ ዘገነችለት። ዳኛቸው ባዶ ቤቱም ውስጥ እንደዚያ ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ታች አንድ ጋላቢ ወደቀ፤ ዓለምነሽ አልተነሳችም። ሌላም ወደቀ። ሁለቱን ብርጭቆ እንደያዘች ነው።

ዳኛቸው ቆሎውን ለሔቨን ሰጣት። ተነሳ።

"ከበቡሽ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያቺ ሴት ከኔ ጋር ናት የመጣችው።"

ከበቡሽ አንገቷን አስግጋ ወደ ጥጉ ተመለከተች።

ዳኛቸው ባርኔጣውን አውልቆ ወረደ። "ነገርኳት" አላት።

"እኔም የቅድሙን ሰምቻለሁ።"

"ስምሽን ላድን ብዬ እኮ ነው።"

"ያ የፈታሁትም እንዲህ ነበር የሚለኝ።" ሁለቱንም ሎሚናት ከአግዳሚው ሥር አስቀምጣ ተነሳች።

"እስከ መኪናሽ ልሸኝሽ?"

"ሰው ያይሃል።"

"ይየኝ።"

አልከለከለችውም፤ አልጠበቀችውምም። ሕዝቡን ሰንጥቀው፣ በከበቡሽ ፊት አልፈው፣ እሷ ፊት እሱ ኋላ ሆነው ሣር ሜዳ ላይ ወደቆሙት መኪኖች ሄዱ። መኪናዋ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

"እንድትደውል አልልህም" አለችው። "እንዳትደውልም አልልህም።"

አቧራ አስነስታ ሄደች። ዳኛቸው ፀሐዩ ላይ እንደቆመ ቀረ። ከጀርባው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ የጮኸው ለወደቀ ይሁን ኮርማው ላይ ለጸና፣ እዚያ ሆኖ ማወቅ አልቻለም።